የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሚሳኤሉ የሚሄደው የተነገረው ቦታ ነው

ባለፈው ወር ስለ ተዋጊ ጄት ሞተር ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ። አብዛኛው ስለ ክሩዝ ሚሳኤል ይጠይቃል። ዜናው በየቀኑ ስለሚያነሣው አይገርምም። አራቱን ጥያቄዎች መርጫለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ ለ14 ዓመት የሞተር መካኒክ ነበርኩ። የሠራሁት ሚግ-21 ላይ ነው። ክሩዝ ሚሳኤል በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ አየር ኃይላችንም አልነበረውም። ሞተር ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን የማየው ከሞተሩ ተነሥቼ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ክሩዝ ሚሳኤል ከሌላው ሚሳኤል በምን ይለያል? ከመርከብም ከመሬትም መተኮስ እየተቻለስ ለምን አውሮፕላን ላይ ይጭኑታል?» (የምህንድስና ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። ክሩዝ ሚሳኤል ማለት አብራሪ የሌለው ትንሽ አውሮፕላን ነው። ክንፍ አለው። ብዙውን ጊዜ ጄት ሞተር አለው። አየር እየሳበ፣ ነዳጅ እያቃጠለ፣ እስከ መጨረሻው ይበርራል። ባሊስቲክ የሚባለው ግን እንደተወረወረ ድንጋይ ነው። ሮኬቱ ሽቅብ ይወረውረዋል፤ ከዚያ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይመጣል።

የአሜሪካኖቹን ኤጂኤም-86 እንውሰድ። ከ6 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አውሮፕላኑ ሥር ሲሰቀል ክንፉ ታጥፎ ነው፤ ሲለቀቅ ይዘረጋል። ሞተሩ 66 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሁለት ጎረምሳ ተጋግዞ ያነሣዋል። እኔ የማውቀው የሚግ-21 ሞተር ከ1,100 ኪሎ በላይ ነው፤ ያለ ክሬን ንቅንቅ አይልም።

መካኒክ አዲስ ሞተር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ሠርቶ ነው ለጥገና የሚወርደው?» ብሎ ነው። ይኼ ሞተር ለጥገና አይወርድም። አንዴ ይነሣል፣ ጥቂት ሰዓት ይሠራል፣ ከፈንጂው ጋር አብሮ ይጠፋል። ያን የመሰለ ጥንቅቅ ያለ ሥራ ለአንድ በረራ ብቻ መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

ለምን አውሮፕላን ላይ? አውሮፕላኑ ሚሳኤሉን ወደፈለገው አቅጣጫ ያደርስለታል። የሚሳኤሉ ርቀት በአውሮፕላኑ ርቀት ላይ ይደመራል። ዋናው ምክንያት ግን አብራሪው ነው። ቦምብ የሚጥል አብራሪ ዒላማው አናት ላይ መድረስ አለበት። እዚያ ደግሞ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ይጠብቀዋል። ሚሳኤሉን ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚለቅ ግን ለቅቆ ይዞራል።

ይኼ ለእኔ የወረቀት ላይ ነገር አይደለም። አውሮፕላኖቹ ከወጡ በኋላ እኛ መካኒኮች ሥራችን ጆሮ መስጠት ነበር። አራት ከወጡ አራት ድምፅ እንጠብቃለን። ሦስት ብቻ ከሰማን ሻዩን የሚጨርስ ሰው አልነበረም።

«ይህን መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የተጠቀሙት አሜሪካኖች ናቸው፣ በ1991 ኢራቅ ላይ። ትክክል ነኝ?» (የታሪክ መምህር፣ ከአዳማ)

የለም መምህር። ጀርመኖች ናቸው፤ ያውም በ1944።

ቪ-1 የሚባለውን የጀርመኖቹን ክሩዝ ሚሳኤል ያውቁታል። መጀመሪያ የተተኮሰው ከፈረንሳይ ጠረፍ፣ ከመሬት ላይ ነው። ብዙ ሳይቆይ ሄንክል 111 የተባለ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሥር እያንጠለጠሉ ይለቁት ጀመር። አውሮፕላኑ በሌሊት፣ በሰሜን ባሕር ላይ፣ ውሃውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ይበርራል። ራዳር እንዳያየው ነው። መልቀቂያው ቦታ ሲደርስ ከፍ ይላል። የሚሳኤሉ ሞተር ሲነሣ ግን የሚያወጣው እሳት ከሩቅ ይታያል። የእንግሊዝ የሌሊት ተዋጊዎች የሚጠብቁት ያችን ብርሃን ነበር። በዚህ ሥራ ከ70 በላይ ሄንክሎች ጠፍተዋል። አብራሪውን ከአደጋ ያርቃል የተባለው መሣሪያ መጀመሪያ ላይ አብራሪውን ነው የፈጀው።

ከአውሮፕላን የተለቀቁት 1,200 ገደማ ናቸው። ለንደን ላይ የወደቁት 66 ብቻ። ርቀቱን የሚለካው አፍንጫው ላይ ያለች ትንሽ ውልብልቢት ናት። ንፋሱ ያሽከረክራታል፤ ዙሯን ትቆጥራለች። የተሞላው ቁጥር ሲያልቅ ሚሳኤሉ ይደፋል። ነፋስ ከኋላ ከገፋው አልፎ ይሄዳል፣ ከፊት ካዘገየው ሳይደርስ ይወድቃል።

ዲሴምበር 24 ቀን 1944፣ የገና ዋዜማ ሊነጋጋ ሲል፣ 45 ያህል ወደ ማንቸስተር ተለቀቁ። ከተማዋን ከመሬት ተኩሶ መድረስ አይቻልም ነበር። 42 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ 27ቱ የሞቱት ኦልድሃም ውስጥ፣ አቤ ሂልስ የሚባል አንድ መንገድ ላይ ነው። ለገና ጠዋት የተዘጋጀ ቤት እንዴት እንደነበር መገመት አያቅትዎትም።

ለንደኖች ስለ ቪ-1 የሚሉት አንድ ነገር አለ። ድምፁ እስካለ ድረስ አይፈሩም። ሞተሩ እየተርገፈገፈ ካለፈ ለሌላ ሰው ነው። ድምፁ ድንገት ጸጥ ካለ ግን እላያቸው ላይ ሊወርድ ነው፤ ያን ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ይገባሉ።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ከአየር ኃይል ከወጣሁ በኋላ አንድ ጋራዥ ውስጥ አብሮኝ የሠራ የትግራይ ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ ገበያ የሚወጡት በሌሊት እንደነበር ነገረኝ። ቀን ሚግ ስለሚመጣ ነው። የአውሮፕላኑን ድምፅ ከላሟ ጆሮ አንብበው ያውቁት ነበር፤ እሷ ቀድማ ትሰማለች። እኔ ድምፁ ተመልሶ እንዲመጣ ስጠብቅ እሱ እንዳይመጣ ይጠብቅ ነበር። የት ሠርቼ እንደነበር ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ ቁልፉን አቀበለኝና ሥራችንን ቀጠልን። እኛ ያዘጋጀነው አውሮፕላን ቦምቡን የት እንደጣለ ለመካኒክ አይነገርም ነበር። አለመጠየቄ ግን የራሴ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። በ1973ቱ ጦርነት ግብፆች ከሶቪየት ሠራሽ ቱ-16 አውሮፕላኖች 25 ያህል ኬልት የተባሉ ሚሳኤሎች እስራኤል ላይ ለቅቀዋል። አብዛኞቹ ተመትተው ወደቁ። ጥቂቶቹ የራዳር ጣቢያ መትተዋል።

የ1991ዱን ካነሡ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ጃንዋሪ 16 ማለዳ፣ ሉዊዚያና፣ ባርክስዴል አየር ጣቢያ። ጦርነቱ ገና አልተጀመረም። ሰባት ቢ-52 የተባሉ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ተነሡ። ውስጣቸው 57 ሰዎች፣ ክንፋቸው ሥር 39 ሚሳኤሎች አሉ። አትላንቲክን ተሻገሩ። ሜዲትራኒያንን አቋረጡ። በየመንገዱ አየር ላይ ነዳጅ ተሞላላቸው። ሳዑዲ ዐረቢያ ሰማይ ላይ ደርሰው 35ቱን ለቀቁ። አራቱ እንከን ስለተገኘባቸው አልተለቀቁም፤ ተሸክመዋቸው ተመለሱ። ዒላማዎቹ የኢራቅ ኃይል ማመንጫዎችና መገናኛ ጣቢያዎች ነበሩ። ከዚያ የትም ሳያርፉ ዞረው ሉዊዚያና ገቡ።

35 ሰዓት ገደማ። ከ22,000 ኪሎ ሜትር በላይ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደርሶ መልስ በሉት፤ አንዴም ሳይወርዱ። እያንዳንዱ ቢ-52 ስምንት ሞተር አለው። ሰባቱ አንድ ላይ 56 ሞተር ማለት ነው። 35 ሰዓት! ያን ሌሊት ባርክስዴል የቀሩት መካኒኮች እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ። ሰባቱም ተመለሱ።

ነገሩ ለአንድ ዓመት ምሥጢር ሆኖ ቆየ። ምክንያቱም ኤጂኤም-86 መጀመሪያ የተሠራው ኒውክሌር እንዲሸከም ነው። ከ1986 ጀምሮ የተወሰኑትን በድብቅ ለወጧቸው። ኒውክሌሩ ወጣ፣ መደበኛ ፈንጂ ገባ፣ ጂፒኤስ ተጨመረ። በረራው ይፋ የተደረገው ጃንዋሪ 1992 ነው። ሠራተኞቹ ራሳቸው ግን ከልጆች ካርቱን ወስደው «ምሥጢረኛው ሽኮኮ» እያሉ ይጠሩት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፈተ። በ1996 ከጓም ደሴት የተነሡ ሁለት ቢ-52ዎች ኢራቅ ላይ 13 ለቀቁ። በ1998 ዲሴምበር በአራት ሌሊት 90። በ2003 እንግሊዞች ስቶርም ሻዶው የተባለውን ኢራቅ ላይ ጀመሩ። በኖቬምበር 2015 ሩሲያ ኬኤች-101ን መጀመሪያ ሶሪያ ላይ ተጠቀመችበት።

«ጋሽዬ፣ እኔ ነርስ ነኝ። ሚሳኤሉ መስኮት መርጦ ይገባል ይባላል። ታዲያ ሆስፒታልና መኖሪያ ቤት የሚመታው ለምንድን ነው?» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ።

ሚሳኤሉ አያስብም። የሚሄደው የተነገረው ቦታ ነው። የድሮዎቹ ከሥራቸው ያለውን መሬት ከፍታ በራዳር እየለኩ ከተሞላላቸው ካርታ ጋር ያስተያያሉ። በኋላ ጂፒኤስ መጣ። ስቶርም ሻዶው ደግሞ ሊደርስ ሲል የአፍንጫውን ክዳን ጥሎ በሙቀት ካሜራ ያያል። ያየውን ከተሰጠው ምስል ጋር ያመሳስላል። ሁሉም ግን አስቀድሞ ሰው የሞላው ነገር ነው።

ሰው ከተሳሳተስ? በሜይ 1999 ቤልግሬድ የቻይና ኤምባሲ ተመታ። ክሩዝ ሚሳኤል አልነበረም፤ በጂፒኤስ የሚመሩ ቦምቦች ነበሩ። ግን ነገሩ አንድ ነው። አሜሪካኖች በሰጡት ማብራሪያ የተፈለገው በዚያው አካባቢ ያለ የዩጎዝላቪያ ወታደራዊ መሥሪያ ቤት ነበር። አድራሻው በስሕተት ተወሰደ። ካርታቸው ኤምባሲው አዲስ ቦታ መግባቱን አያሳይም ነበር። ቦምቦቹ የተሰጣቸውን ነጥብ አልሳቱም። ሦስት የቻይና ጋዜጠኞች ሞቱ።

መሣሪያው ራሱ ለቦታው የማይሆንበት ጊዜም አለ። ኬኤች-22 የተባለው ሚሳኤል በሶቪየት ዘመን የተሠራው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ለማስመጥ ነው። ራዳሩ ሜዳ በሆነ ባሕር ላይ አንድ ትልቅ ብረት ይፈልጋል። ፈንጂው አንድ ቶን ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከተማ ውስጥ ሁሉም ነገር ለዚያ ራዳር ብረትና ግድግዳ ነው። ጃንዋሪ 14 ቀን 2023 ዩክሬን፣ ድኒፕሮ ከተማ፣ እንዲህ ያለው ሚሳኤል ባለ ዘጠኝ ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ መታ። 46 ሰዎች ሞቱ፤ ስድስቱ ሕፃናት ናቸው። ያን መሣሪያ ወደ ከተማ የላከ ሰው ስሕተት ነው ሊል አይችልም። የት እንደሚወድቅ ማወቅ እንደማይቻል ያውቃል።

ስለ ሆስፒታል ለጠየቅሽው፣ ጁላይ 8 ቀን 2024 ኪየቭ የሚገኘው ትልቁ የሕፃናት ሆስፒታል ኦክማትዲት ተመቷል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ታዛቢዎች ኬኤች-101 ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ሩሲያ የእኔ አይደለም ብላለች። የዚያን ቀን ፎቶ ታስታውሺ ይሆናል። ሐኪሞቹ ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሰልፍ ሠርተው ፍርስራሹን በእጃቸው ይቀባበላሉ። ካንቺ ሙያ የሆነ ሰው ያን ሲያይ ምን እንደሚሰማው አንቺ ትነግሪኛለሽ እንጂ እኔ አልነግርሽም።

«ዩክሬን የራሷን ሚሳኤሎች ለሩሲያ ሰጠች፣ በኋላም በእነሱ ተመታች ይባላል። እውነት ነው ወይስ የፌስቡክ ወሬ?» (ሾፌር፣ ከዱባይ)

ወንድሜ፣ እውነት ነው።

ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ብዙ ቦምብ ጣዮችና ሚሳኤሎች ዩክሬን መሬት ላይ ቀሩ። በ1999 እና በ2000 ዩክሬን ስምንት ቱ-160፣ ሦስት ቱ-95 እና 575 ያህል ሚሳኤሎች ለሩሲያ አስረከበች። የጋዝ ዕዳ ነበረባት፤ በዚያ ተቀናነሰላት።

ከሚሳኤሎቹ ውስጥ ኬኤች-55 ይገኝበታል። እንደ ኤጂኤም-86 እሱም ለኒውክሌር የተሠራ ነው። ኖቬምበር 2022 ዩክሬን ውስጥ የወደቁ ኬኤች-55ዎች ተገኙ። ባለሙያዎቹ ሲፈትሹ የኒውክሌሩ ቦታ ላይ ፈንጂ የለም። እንዲያው ክብደት እንዲሞላ የገባ ብረት ነው። የተላኩት ለማታለል ነበር። መከላከያው በእነሱ ላይ ጥይቱን ሲጨርስ ፈንጂ የያዙት ሌሎቹ እንዲያልፉ ነው። የዩክሬን ወታደራዊ ባለሥልጣናት እንደሚሉት ከእነዚህ መካከል ያኔ ያስረከቧቸው ይገኙበታል።

ፍርስራሹን በፎቶ አየሁት። ሰው ሁሉ የሚያየው ባዶውን ራስ ነው። እኔ ዓይኔ የሄደው ወደ ኋላ ነው። ኬኤች-55 ሲበርር ሞተሩ ከሆዱ ሥር ይወርዳል፣ ወጥ ቤት ውስጥ እንዳለ መሳቢያ ተስቦ። በ1980ዎቹ የተገጣጠመ ሞተር፣ ከ30 ዓመት በላይ በመጋዘን ተኝቶ፣ ሲታዘዝ ተነሥቶ እዚያ ድረስ በርሯል። አንድ መካኒክ ዩክሬን ውስጥ፣ ምናልባት እኔ ሚግ በምጠግንበት ዘመን፣ ያን ሞተር በየጊዜው እያወረደ ይፈትሸው ነበር። ሰውየው ዛሬ በሕይወት ካለ ጡረታ ወጥቷል።