ዝንብ ማጥናት ዕድሜ ማባከን ነው?

«የፍራፍሬ ዝንብ ላይ የጡንቻ መመንመንን የሚያጠና ላቦራቶሪ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብሎኛል። አባቴ ‹ዝንብ ልትቆጥሪ ነው ያስተማርኩሽ? ሆስፒታል ተቀጥረሽ ቤቱን አግዢ› ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ዱሸን የሚባለው የጡንቻ በሽታ አለበት፤ ላድነው ብዬ ነው ያመለከትኩት። ዝንብ ግን ለሰው ምን ይፈይዳል? ስታቲስቲክስም ይከብደኛል» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ ዝንቧን አትናቂያት። በሰው ላይ በሽታ ከሚያመጡት ጂኖች ሦስት አራተኛ ገደማው በእሷም አቻ አላቸው። በዱሸን የሚጎድለው ፕሮቲን ዲስትሮፊን ነው፤ ዝንብም የራሷ ዲስትሮፊን አላት፣ ሲጠፋባት ጡንቻዋ ዕድሜዋ በገፋ ቁጥር ይጎዳል። ከእንቁላል ተነሥታ ሙሉ ዝንብ ለመሆን በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ቀን ገደማ ይበቃታል። ዝንቦቹ ያሉበትን ቱቦ ጠረጴዛ ላይ መታ ስታደርጊው ሁሉም ታች ይወድቃሉ። ጤነኞቹ ወዲያው ግድግዳውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጡንቻቸው የደከመው እታች ሲንፏቀቁ ታያለሽ። እኔ ለዓመታት ያየሁት ይህንን ነው፤ አንድም ቀን አልሰለቸኝም። በ2006 እ.ኤ.አ. ፒንክ1 የተባለውን ጂን ያጡ ዝንቦች የበረራ ጡንቻቸው ሲበላሽ፣ ፓርኪን የተባለው ጂን በብዛት እንዲሠራ ሲደረግላቸው ጡንቻው ተረፈ። ሁለቱ ጂኖች በአንድ መስመር እንደሚሠሩ የታወቀው በዚህ ነው፤ በሰው ላይ ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ ፓርኪንሰን የተባለውን የመንቀጥቀጥ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

«ላድነው» ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። ለወንድምሽ በገባሽው ቃል ታስረሽ ወደ ላቦራቶሪ አትግቢ። የሰው ጡንቻ ሲጎዳ ራሱን ለመጠገን ይታገላል፣ በብግነትና በጠባሳ ይሞላል፤ ይህን ሁሉ ዝንብ አታሳይሽም። ከእሷ የተገኘ ፍንጭ ወደ አይጥ፣ ከዚያም ወደ ሰው ሄዶ መድኃኒት እስኪሆን ዓመታት ያልፋሉ፤ አብዛኛውም መንገድ ላይ ይቀራል። ያልተሳካ ሙከራ ሁሉ በወንድምሽ ላይ የሠራሽው በደል መስሎ ከታየሽ፣ ሥራውንም አትሠሪው፣ እሱንም በደስታ አታይውም። ጡንቻ ለምን እንደሚፈርስ ማወቅ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ግን ግቢ። ለወንድምሽ ደግሞ እህቱ ሁኚለት።

አባትሽ ጭንቀቱ ይገባኛል። ሆኖም የታመመ ልጅ የመላው ቤተሰብ ኃላፊነት ነው፤ በአንቺ ደሞዝ ላይ ብቻ የሚጣል ዕዳ አይደለም፤ ይህን ፊት ለፊት ንገሪው። ላቦራቶሪው የኑሮ ድጎማ ከሌለው ግን በነጻ ለመሥራት አትስማሚ። ስታቲስቲክሱን የራስሽን ዝንቦች ስትቆጥሪ ትለምጂዋለሽ።

ከመፈረምሽ በፊት ከዚያ ላቦራቶሪ የተመረቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ፈልጊና ዛሬ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠይቂያቸው።