በቃል ያውቀዋል፣ በወረቀት ይጠፋበታል

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመቱ ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ውኃ እንዴት ተንኖ ደመና እንደሚሆንና ተመልሶ እንደሚዘንብ ሲጠየቅ ከታላቅ እህቱ አሳምሮ ያስረዳል፤ ያንኑ በወረቀት ሲጠይቁት ግን ሁለት መስመር ጽፎ ይተወዋል። ጮክ ብሎ ሲያነብ «ሰማ»ን «ለማ» ይላል፤ አንዱን መስመር ሁለቴ ይደግማል፣ ሌላውን ይዘላል። የክፍሉ መምህር «ሰነፍ ነው» ብለውኛል። አሁን ትምህርት ቤቱ በሳምንት ሦስት ቀን ከክፍሉ ወጥቶ በድጋፍ ክፍል እንዲማር ሐሳብ አቅርቧል። ስም እንዳይወጣለት ፈርቼ እስካሁን አልፈቀድኩም። ምን ይመክሩኛል?
አንዲት እናት

መልስ፦ እንደጻፉልን ከሆነ ልጅዎ ስም ከወጣለት ቆይቷል፤ «ሰነፍ» ተብሏል። ከዚህ ስም ይልቅ ችግሩን በትክክል የሚገልጽ ስም ይሻለዋል። ሰነፍ ልጅ የዝናብን ነገር በቃል ለማስረዳትም አይደክምም።

እ.ኤ.አ. በ1896 በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። ልጁ ብሩህ ነው፣ በሒሳብም አይታማም፤ ማንበብ ግን አልሆነለትም። ለዓመታት ያስተማረው መምህር፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛው ጎበዝ እሱ ይሆን እንደነበር መስክሮለታል። ዛሬ ይህ ዓይነቱ የንባብ እክል ዲስሌክሲያ ይባላል፤ መነሻውም በአብዛኛው የቃልን ድምፆች ነጣጥሎ ከፊደል ጋር በማዛመድ ላይ የሚያጋጥም ችግር እንጂ የማሰብ ችሎታ ማነስ አይደለም። የእርስዎም ልጅ ይህ አለበት ብለን በደብዳቤ ልንወስን አንችልም። አስቀድመው ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ፤ ከዚያም ንባቡ፣ ጽሕፈቱና ድምፅ የመለየት ችሎታው በባለሙያ እንዲመዘን ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ።

የድጋፍ ክፍሉን በተመለከተ፣ ከመፍቀድዎም ሆነ ከመከልከልዎ በፊት እዚያ ምን እንደሚሠራ ይወቁ። ልጁ የሚወጣው በየትኛው ክፍለ ጊዜ ነው? ጎበዝ የሆነበትን የሳይንስ ትምህርት ወይም የእረፍት ሰዓቱን የሚነጥቀው ከሆነ እንዲቀየር ይጠይቁ። የሚሰጠው ትምህርት ድምፅንና ፊደልን ደረጃ በደረጃ፣ በግልጽና በተደጋጋሚ የሚያዛምድ መሆን አለበት፤ ያላለቀ የቤት ሥራ የሚጨረስበት ክፍል ብቻ ከሆነ ግን ልጁ ከጓደኞቹ የሚነጠልበትን ያህል ጥቅም አያገኝበትም።

የግል የትምህርት ዕቅድ እንዲዘጋጅለትም ይጠይቁ፤ ሲቀርብልዎም ሳያነቡ አይፈርሙ። «የንባብ ችሎታው ይሻሻላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ዕቅድ ሳይሆን ምኞት ነው። «እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ፣ ከዚህ በፊት ያላየውን የ50 ቃላት አንቀጽ ከ3 በማይበልጥ ስሕተት ያነባል» የሚል ግን ሊለካ ይችላል። ማን እንደሚያስተምረው፣ ለስንት ደቂቃና ውጤቱ መቼ እንደሚታይም እዚያው ይጻፍ።

ማመቻቸትና ትምህርትን መቀነስ አንድ አይደሉም። ጥያቄው እየተነበበለት በቃል እንዲመልስ ማድረግ ማመቻቸት ነው፤ የሚማረው አይቀንስም። ግማሹን ምዕራፍ መዝለል ግን ዛሬ ቢቀልለውም ለሚቀጥለው ክፍል ክፍተት ይዞ እንዲያልፍ ያደርገዋል። ይህን የመሰለ ሐሳብ ሲቀርብልዎ ሌላው አማራጭ ሁሉ መሞከሩን ሳያረጋግጡ አይስማሙ። ለልጅዎም ለምን ወደ ድጋፍ ክፍል እንደሚሄድ ራስዎ ይንገሩት፤ ከጓደኞቹ አፍ አይስማው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የንባብ እክል ላለባት ተማሪ በሳይንስ ፈተና ተጨማሪ ጊዜ ብሰጣት የሌሎች ልጆች ወላጆች አድልዎ ነው አሉኝ። በዚያው ክፍል የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀም ተማሪም አለ፤ እሱንስ እንዴት ልርዳው?

መልስ፦ ፈተናው የሚለካው የሳይንስ ዕውቀትን እንጂ የንባብ ፍጥነትን ስላልሆነ፣ ተጨማሪው ጊዜ ለተማሪዋ መልስ አያቀብላትም። የንባብ ፈተና ላይ ጽሑፉን ቢያነቡላት ኖሮ የወላጆቹ ቅሬታ ትክክል በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 ለተማሪው ፍላጎት የሚስማማ ምክንያታዊ ማመቻቸት እንዲደረግ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ውለታ አድርገው አያስረዷቸው።

የመስሚያ መሣሪያው የእርስዎን ድምፅ ብቻ መርጦ አያጎላም፤ የወንበር ጉተታውንና የኋለኞቹን ወሬ አብሮ ያጎላል። ተማሪውን ከመስኮትና ከበር ጫጫታ አርቀው፣ ፊትዎን ሊያይ በሚችልበት ቦታ ያስቀምጡት። ጀርባዎን ሰጥተው እየጻፉ አያስረዱ፤ ጽፈው ይጨርሱና ዞረው ይናገሩ። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ የመለሰውንም ይድገሙለት። «ሰማህ?» ብለው ቢጠይቁት ግን ባይሰማም «አዎ» ሊልዎት ስለሚችል፣ የሰማውን በራሱ አንደበት መልሶ እንዲነግርዎ ያድርጉ።