የተዘረጋለትን እጅ የሚገፋ ሰው

ጥያቄ፦ «ወንጀልና ቅጣት»ን በቅርቡ አንብቤ ጨረስኩ። ራስኮልኒኮቭ በችግር ላይ እያለ ጓደኛው ራዙሚኺን የሰጠውን ሥራና 3 ሩብል ወዲያው መመለሱ በጣም አናደደኝ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ በ1866 እ.ኤ.አ. በወጣው በዚህ የሩሲያዊው ደራሲ የዶስቶየቭስኪ ልብ ወለድ ውስጥ የባለታሪኩን ልብ ከሚገልጡት ትዕይንቶች አንዱን ያነሡ ይመስለኛል። ራዙሚኺን ራሱም ደሃ ነው፤ የሰጠውም ምጽዋት ሳይሆን ከጀርመንኛ የሚተረጎም ጽሑፍና የድካሙ ቅድሚያ ክፍያ ነበር። ራስኮልኒኮቭ ግን ከተራው ሰው በላይ ነኝ የሚለውን እምነቱን ይዞ ለመቆየት የማንም ባለዕዳ መሆን አይፈልግም፤ ከዚያም በላይ ነፍስ አጥፍቶ የመጣ በመሆኑ፣ ደግነትን መቀበል ማለት አውቆ ከተለየው የሰው ማኅበር ጋር ዳግም መተሳሰር ሆኖበታል። ጥቂት ቆይቶ፣ ለማኝ መስሏት አንዲት ሴት የሰጠችውን 20 ኮፔክ (የሩብል ሳንቲም) ኔቫ ወንዝ ውስጥ የወረወረውም ስለዚህ ነው።

ይሁንና ልበ ደረቅ አይደለም፤ እናቱ ከላከችለት ገንዘብ አብዛኛውን መጠጥ ቤት ውስጥ ላወቀው ለሰካራሙ ለማርሜላዶቭ ሚስት ለባሏ ቀብር ሰጥቷል። መስጠት የበላይነቱን አይነካበትም፤ መቀበል ግን ይነካበታል። እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ፣ ጥፋቱን ለማርሜላዶቭ ልጅ ለሶንያ በተናዘዘላት ዕለት መስቀሏን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ መልሶ መሰብሰቡ ነው፤ መስቀሉን የተቀበለው በኋላ፣ እጁን ለፖሊስ ሊሰጥ ሲሄድ ነው።