ዲዛይነርና የእጅ ባለሙያ አብረው ሲሠሩ፦ ጥያቄያችሁን አምጡ

ሰላም ለሁላችሁ! ሥራዬ በዲዛይነሮችና በእጅ ባለሙያዎች መሃል ነው፣ ኦርደር እቀበላለሁ፣ ሳምፕል አሠራለሁ፣ ሲጣሉም አስታርቃለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር፣ አብረን እየሠራን ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሙከራው ሲበላሽ ኪሳራው የማን ነው ብዬ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ዲዛይነር ነኝ። ስዕሌን ጨርሼ ለሸማኔው ልስጠው ወይስ መጀመሪያ ሄጄ ልይ?

ሄደሽ እዪ እባክሽ! ያለቀ ስዕል ይዘሽ ከሄድሽ ባለሙያው የሚቀረው አዎ ወይ አይሆንም ማለት ብቻ ነው፣ ሥራ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አይሆንም አይልም፣ ከዛ ችግሩ በኋላ ይመጣል። ለምሳሌ የጨርቅ ስፋትን እንይ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀባብል ሸማኔ ክንዱ ከሚደርስበት በላይ ሰፊ ጨርቅ አይወጣለትም፣ ጆን ኬይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1733 በገመድ እየተሳበ የሚወረወር መወርወሪያ ያወጣው ይሄንኑ ለመፍታት ነው። ስለዚህ ሰፊ መጋረጃ ስለሽ ከመጣሽ መሃሉ ላይ ስፌት ይኖራል፣ ይሄን ቀድመሽ ካወቅሽ ግን ስፌቱ ራሱ የዲዛይኑ አካል ይሆንልሻል። ሸክላም እንደዛው ነው፣ ሲደርቅና ሲተኮስ እንደ አፈሩ ዓይነት መጠኑ 10 በመቶ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ይቀንሳል፣ ክዳኑ ካልገጠመ ጥፋቱ የሸክላ ሠሪዋ ሳይሆን የስዕሉ ነው።

በጣም የምወደው ምሳሌ ጃፓናዊ አሜሪካዊው ቀራጺና ዲዛይነር ኢሳሙ ኖጉቺ ነው። በ1951 ጃፓን ውስጥ ጊፉ ወደምትባል በወረቀት ፋኖስ ወደምትታወቅ ከተማ ሄደ። ፋኖሶቹ የሚሠሩት የቀርከሃ ስንጥር በእንጨት ቅርጽ ላይ እየተጠመጠመ ወረቀት እየተለጠፈበት ነው፣ ሲደርቅ የውስጡ እንጨት ተፈታቶ ይወጣል። እሱ አሠራሩን አልነካም፣ የእንጨቱን ቅርጽ ለወጠው፣ በሻማ ፋንታ የኤሌክትሪክ አምፖል አስገባ፣ በዚህ ብቻ ከ100 በላይ ዓይነት መብራት አወጣ፣ ዛሬም እዛው ጊፉ ይሠራሉ። ባለሙያዎቹ የሚያውቁትን ነው የሠሩት፣ እንደ አዲስ ተማሪ እንዲጀምሩ አልተደረጉም።

ጥያቄ፦ ሳምፕሉን በነጻ ይሥራልኝና ኦርደር ሲመጣ አካክሰዋለሁ ብል ምን ችግር አለው?

ኦርደሩ ሊቀር ይችላላ! እሱ ላንተ ሲሞክር የቆየባቸው ቀናት የለመደውን ሠርቶ ሸጦ ቤቱን የሚያስተዳድርባቸው ቀናት ነበሩ። አንተ ሐሳብህ ባይሳካ ሌላ ሐሳብ ታመጣለህ፣ እሱ ግን ክሩም ጊዜውም ሄዷል። ደግሞ አዲስ ነገር ሲሞከር የመጀመሪያው መበላሸቱ ያለ ነው፣ ሁለተኛውም ሊበላሽ ይችላል፣ በነጻ የሚሠራ ሰው ደግሞ ድፍረት አይኖረውም፣ የማይበላሸውን፣ የሚያውቀውን መርጦ ይሠራልሃል፣ ከዛ አንተው መልሰህ ፈጠራ የለውም ትላለህ። የሙከራውን ቀን ክፈል፣ የተበላሸውንም ክፈል፣ ማቴሪያሉንም አንተ ግዛ። ኦርደር ሲመጣ ደግሞ ቀብድ አለ፣ የዓለም ፍትሃዊ ንግድ ድርጅት ለእደ ጥበብ ሥራ ባለሙያው ከጠየቀ ቢያንስ 50 በመቶ ያለ ወለድ በቅድሚያ ይከፈል ነው የሚለው። ይሄ እንደ ትልቅ ቸርነት መታየት የለበትም፣ ያለሱ እኮ ሰውየው ክር ለመግዛት ተበድሮ ነው የሚጀምርልህ።

ጥያቄ፦ ክፍያው በቀን ይሻላል ወይስ በቁራጭ?

ሙከራ በቀን፣ የታወቀ ምርት በቁራጭ። የቁራጩን ዋጋ ስታወጡ ግን ድር ማድራቱን፣ ማጠቡን፣ ክር ፍለጋ መዞሩን ሁሉ ቁጠሩ፣ ብዙ ሰው የሚቆጥረው መሸመኑን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ሸማኔ ነው። አንዲት ዲዛይነር መጥታ የድሮ ጥለቶቹን በሙሉ በስልኳ አንስታ ሄደች፣ ከዛ ድምጿ ጠፋ። ምን እናድርግ?

በጣም ያሳዝናል፣ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ይሄ እየሆነ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ የኮፒራይት ሕግ በአብዛኛው የሚጠብቀው ባለቤቱ የታወቀ አዲስ ሥራን ነው፣ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ የማኅበረሰብ ጥለት ብዙ ጊዜ ከዛ ውጪ ይወድቃል። በ2015 ኢዛቤል ማራ የተባለችው የፈረንሳይ ዲዛይነር ሜክሲኮ ኦሃካ ውስጥ ያለ የሚሄ ማኅበረሰብ የሚለብሰውን የሚመስል ሸሚዝ ሸጣ ትልቅ ቁጣ ተነሳ፣ ከዓመታት በኋላ በ2022 ሜክሲኮ እንዲህ ያለ ቅርስ የማኅበረሰቡ የጋራ ንብረት ነው፣ ያለ ፈቃዳቸው ለንግድ አይውልም የሚል ሕግ አወጣች። በ2025 ደግሞ ፕራዳ የተባለው የጣልያን ፋሽን ኩባንያ ሚላን ላይ ከሕንድ ኮላፑር ጫማ ጋር የሚመሳሰል ነጠላ ጫማ አሳየ፣ መጀመሪያ ምንጩን አልጠቀሰም፣ ጩኸት ሲበዛ ግን መነሻው የሕንድ መሆኑን አመነ። ልብ በል፣ የኮላፑር ጫማ ከ2019 ጀምሮ በሕንድ የጂኦግራፊያዊ ምልክት (የአንድ አካባቢ ምርት ስም ለዛው አካባቢ የሚጠበቅበት) ምዝገባ አለው፣ ምዝገባው በዋናነት ስሙን ነው የሚጠብቀው፣ ቅርጹን መቅዳት ብቻውን አይከለክልም። ያም ሆኖ ባለሙያዎቹ ይሄ የኛ ነው ሲሉ የሚያሳዩት ወረቀት ነበራቸው።

ስለዚህ አሁኑኑ የአባትህን ጥለቶች ራስህ ፎቶ አንሳ፣ ቀን ጻፍበት፣ የትኛው የማኅበረሰቡ የትኛው የሱ የራሱ ፈጠራ እንደሆነ ጠይቀህ ለይ፣ የራሱ የሆነውን ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ የአእምሯዊ ንብረት ቢሮ ጠይቅ። ልጅቷንም ፎቶዎቹ ለምን እንደሚውሉ በጽሑፍ ጠይቃት። ካሁን በኋላ የሚመጣ ሰው ደግሞ ስልኩን ሳያወጣ በፊት ፎቶው ለምን እንደሚውል ሁለት መስመር ጽፎ ፈርሞ ይስጥ።

ጥያቄ፦ የእጅ ሥራ አንዱ ካንዱ ይለያያል፣ ደንበኛዬ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው የሚፈልገው።

ሁለት ሳምፕል አሠሪ፣ አንዱ ከዚህ በላይ መጥቆር የለበትም የምትዪው፣ ሌላው ከዚህ በላይ መንጣት የለበትም የምትዪው። ሁለታችሁም ጋ አንድ አንድ ይቀመጥ፣ በመሃል ያለውን ሁሉ ትቀበያለሽ። በቃ፣ ክርክሩ እዛ ላይ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ትልቅ ኦርደር መጣልኝ፣ የያዝኩት አንድ ሸማኔ ነው።

እንዳታጣድፈው። ሃሪስ ትዊድ የሚባለውን የስኮትላንድ ደሴቶች ጨርቅ ታውቀው ይሆናል፣ በ1993 በወጣ ሕግ በደሴቶቹ ነዋሪዎች ቤት ውስጥ በእጅ ካልተሸመነ በስሙ መሸጥ አይቻልም። በ2004 ናይኪ ይሄንን ጨርቅ ለጫማ ሲያዝዝ ኦርደሩ ለአንድ ሸማኔ ስለማይቻል ሌሎቹም ተካፈሉት። አንተም እንደዛ አድርግ፣ ግን የሚካፈሉትን ሰዎች እሱ ይምረጥ፣ ጥራቱን የሚያይበትም ለብቻው ይከፈለው። የማስረከቢያውን ቀን ደግሞ ከሱ ጠይቀህ ነው ለደንበኛ የምትናገረው።

ጥያቄ፦ ይሄን ዲዛይን ለሌላ ሰው እንዳይሠራ በውል ላስረው እችላለሁ?

አንቺ ያመጣሽውን አዲስ ነገር አዎ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ኦርደር እየሰጠሽው እስከቆየሽ ድረስ። ኦርደሩ ሲቆም እገዳውም ይቁም። አሠራሩንና እሱ ይዞት የመጣውን ጥለት ግን ማገድ አትችዪም፣ ያንን ውል ላይ ካየሁ እኔ ራሴ አትፈርም እለዋለሁ።

ጥያቄ፦ ስሙን ታግ ላይ ልጻፍለት?

ጠይቀው። የሚፈልግ አለ፣ የማኅበሩ ስም ይጻፍ የሚል አለ፣ ፎቶዬ አይውጣ የሚልም አለ። ዲዛይኑን እሱ ከቀየረው ግን፣ ለምሳሌ ቀለሙን ወይ አሰፋፉን ያመጣው እሱ ከሆነ፣ ታግ ላይ በሠሪነት ብቻ መጻፉ አይበቃም፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭም ድርሻ ይኑረው፣ ስንት በመቶ እንደሆነ ሽያጩ ሳይጀመር ተነጋገሩና ውሉ ላይ አስገቡት። ውሉ ደግሞ እሱ በሚናገረው ቋንቋ ይሁን፣ ማንበብ የማይችል ከሆነ እሱ የመረጠው ሰው ጮክ ብሎ ያንብብለት፣ አንድ ኮፒ ቤቱ ይቅር።