ቅጹ ላይ የሞሉት ነገር ውል ሊሆን ይችላል

ጥያቄ፦ በአንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር የምንኖር ሴቶች ያቋቋምነው ማኅበር አለን። አሮጌ ሕንጻ አድሰን የሙያ ማሠልጠኛ ለመክፈት ከአውሮፓ የክልል ልማት ፈንድ ገንዘብ ልንጠይቅ ነው። ቅጹ ስለ ዘላቂ ልማትና ስለ እኩልነት ይጠይቃል። ፕሮፖዛል የሚጽፍልን ሰው «እሱ ፎርማሊቲ ነው፣ ከሌላ ፕሮጀክት ገልብጬ እሞላዋለሁ» አለን። ኋላ ችግር ያመጣብናል?

መልስ፦ ሊያመጣ ይችላል። እንዲገለብጥ አይፍቀዱለት።

ነገሩን የሚገዛው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2021/1060 ነው። አንቀጽ 9 የሴቶችና የወንዶች እኩልነት፣ ከአድልዎ መጠበቅ፣ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነትና ዘላቂ ልማት እንዲታሰብባቸው ያዝዛል። አንቀጽ 73 ደግሞ ፕሮጀክት የሚመረጥበት መስፈርት ራሱ እነዚህን እንዲያካትት ያስገድዳል። ስለዚህ ያ ገጽ ነጥብ የሚያሰጥ፣ የሚያስጥልም ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ካሸነፋችሁ በኋላ ነው። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው አካል የድጋፉን ቅድመ ሁኔታዎች ሁሉ የያዘ ሰነድ ይሰጣችኋል። ቅጹ ላይ የጻፋችሁት ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ይገባል። እንበልና ሰውየው ከገለበጠው ጽሑፍ ጋር «60 በመቶ ሠልጣኞች ሴቶች ይሆናሉ፤ ሕንጻው ለሁሉም ተደራሽ ነው» የሚል መጣ። ኦዲተሩ የሠልጣኞቹን የመገኘት መዝገብ ይቆጥራል። ቀጥሎ መማሪያ ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ ሊፍት እንደሌለ ያያል። ሁልጊዜ ገንዘብ መልሱ ይባላል ማለቴ አይደለም፤ ሰነዱ ውስጥ ግዴታ ሆኖ ከገባ ግን መከራከሪያችሁ ይሳሳል።

የእኔ ምክር፦ ጥቂት ጻፉ፣ በጀት ውስጥ የሚታይ ይሁን። «አካባቢን እንጠብቃለን» ከማለት መስኮቶቹ በባለ ሁለት መስታወት እንደሚቀየሩ ጽፋችሁ የማሞቂያውን ቢል ከእድሳቱ በፊትም በኋላም አስቀምጡ። ተደራሽ ይሆናል ብላችሁ ከጻፋችሁ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫው በፕላኑ ላይ ይሣል፣ ዋጋውም ይግባ። እናቶች እንዲመጡ ከፈለጋችሁ የሥልጠናው ሰዓትና ልጅ የሚይዘው ሰው ይጻፍ። እንዲህ ያለውን ገምጋሚም ያምናል።

አንድ ነገር ልጨምር። «አዳራሹን ለሠርግ ብናከራየውስ» የሚል አባል መቼም አይጠፋም። በአንቀጽ 65 መሠረት የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ለ5 ዓመት የፕሮጀክቱን ዓላማ የሚያፋልስ መሠረታዊ ለውጥ ማድረግ ገንዘብ ያስመልሳል፤ መጠኑም ግዴታው ባልተከበረበት ጊዜ ልክ ይሰላል። አልፎ አልፎ ማከራየት እዚህ ደረጃ ላይደርስ ይችላል። ግን ሳትጀምሩ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ።

ጥያቄያችሁ ውድቅ ቢሆንስ? አባል አገሮች ከፈንዱ ጋር የተያያዘ አቤቱታ የሚታይበት ሥርዓት የመዘርጋት ግዴታ አለባቸው። ቀነ ገደቡን የሚወስነው ያላችሁበት አገር ሕግ ስለሆነ፣ ደብዳቤው በደረሳችሁ ዕለት እዚያው ላለ ጠበቃ አሳዩት።