ለክረምትና ለገጠር መንገድ የሚሆን ኦል ቴሬን ጎማ ስለ መምረጥ

ከካዛንቺስ የጻፉልን ወንድማችን የጠየቁት በአጭሩ ይህ ነው። ሃይሉክሳቸውን በሥራ ቀናት ከተማ ውስጥ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ዘመድ ጥየቃ ከቱሉ ቦሎ ወዲያ ባለው የገጠር መንገድ ይነዱታል፤ የአራቱም ጎማዎች ጥርስ አልቋል። ክረምቱ ሳይገባ ለአስፋልቱም ለገጠሩም የሚሆነውን ኦል ቴሬን ይግዙ ወይስ ለጭቃ የተሠራውንና ጥርሱ ጎላ ጎላ ያለውን መድ ቴሬን፣ ሲገዙስ ምኑን ይመልከቱ? እኔ በመስክ ሥራ ምክንያት ከመሃል አዲስ አበባ ወደ በቾ፣ ወደ ጊንጪና ወደ መንዝ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ያየሁትን ልጻፍልዎ።

ኦል ቴሬን ይግዙ። ሲመርጡ ግን በቅድሚያ ሊያስቡበት የሚገባው የበቾ ጭቃ ሳይሆን ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ለሚነዳ ሰው ጭቃ ውስጥ መቀርቀር የሚያስከትለው ቢበዛ የጊዜ ማጣትና ድካም ሲሆን፣ እርጥብ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ አለመቆም ግን ሕይወት ያስከፍላል። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በበጋው የተጠራቀመውን አቧራና የፈሰሰውን ዘይት አጥበው እስኪወስዱት ድረስ መንገዱን ያሙለጨልጩታል። መድ ቴሬን ጎማ በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለው አስፋልት የሚነካው የላስቲክ መጠን አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ በዝናብ ጊዜ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል፣ ጩኸቱና የነዳጅ ፍጆታውም ይጨምራል።

ኦል ቴሬን የሚባሉት ሁሉ ደግሞ እኩል አይደሉም። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ የተሰነጠቁትን ቀጫጭን መስመሮች ልብ ብለው ይመልከቱ፤ እርጥብ አስፋልትን የሚይዙት በዋናነት እነርሱ ናቸውና። ሱቁ ውስጥ ሳሉ የስም ካርድ ጫፍ ወደ ስንጥቁ ያስገቡ። ካርዱ የጥርሱን ጥልቀት ያህል ጠልቆ ከገባ ስንጥቁ ጎማው ሲያረጅም አብሮ ይቆያል፤ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ግን ጎማው ገና ግማሽ ዕድሜው ላይ ሳለ ስንጥቁ ተበልቶ ያልቅና በዝናብ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። የመረጡት ሞዴል አውሮፓ ውስጥም የሚሸጥ ከሆነ፣ በእርጥብ መንገድ የመያዝ አቅሙ ከኤ እስከ ኢ ባለው ደረጃ የት እንደ ተመደበ ኢንተርኔት ላይ ማየት ይቻላል።

ዋልካ ሌላ ጉዳይ ነው። የበቾ ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ አብጦ የሚጣበቅ ሸክላ በመሆኑ፣ መኪናው ጥቂት እንደ ሄደ የኦል ቴሬን ጥርስ በጭቃ ይሞላና ጎማው እንደ ተመረገ ግድግዳ ልሙጥ ይሆናል። መድ ቴሬን የተሻለ ነው፤ ነገር ግን እርሱም ጭቃውን የሚያራግፈው በኃይል ሲሽከረከር ስለሆነ፣ ሲያራግፍ መሬቱን እየቆፈረ ይሰምጣል፤ የመኪናው ሆድ መሬት ከነካ በኋላ ደግሞ የጎማው ዓይነት ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ያደረ እንደሆነ መኪናውን ጠጠሩ መንገድ ላይ ትቶ በእግር ወይም በጋሪ መግባት ይሻላል፤ ለዚያች አጭር መንገድ ብሎ ዓመቱን ሙሉ መድ ቴሬን እያስጮኹ ከተማ ውስጥ መዞር አይታየኝም። በቀይ አፈርና በኮረኮንች ላይ ግን ጥሩ ኦል ቴሬን አያሳፍርም።

ሻጮች ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ምልክት እያሳዩ «ለክረምት የተሠራ ነው» ይሉዎት ይሆናል። ምልክቱ ጎማው በበረዶ በተሸፈነ መንገድ ላይ ተፈትኖ ማለፉን እንጂ ስለ ጭቃም ሆነ ስለ ዝናብ የሚናገረው የለም። ጎማው ላይ ቢኖር አይጎዳም፤ ለእርሱ ብለው ግን ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ።

ስለ መጠኑ፣ መኪናዎ 265/65 አር 17 የሚጠቀም ከሆነ በዚያው ይጽኑ። ብዙ ሰው ከፍ እንዲል ብሎ 265/70 ያስገባል፤ የመኪናው ሆድ ከመሬት የሚርቀው ግን 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲያሳይ በእውነቱ በ103 ገደማ ይሄዳሉ፤ መሪው ሙሉ በሙሉ ሲዞር ጎማው መከላከያውን የሚነካበት ጊዜም አለ። ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር የሚሸከመውን ክብደት ያመለክታል፤ 112 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ኤል ቲ (ለቀላል የጭነት መኪና የሚሆን ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ጎኑ ጠንካራ በመሆኑ ስለታም ድንጋይ ለበዛበት መንገድና ጤፍ በኩንታል ለሚጭን ሰው ይመረጣል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ያንገጫግጫል፣ ለተመሳሳይ ጭነትም ከፍ ያለ ንፋስ ይፈልጋል። ለእርስዎ አጠቃቀም ተራው የሚበቃ ይመስለኛል።

መርካቶ ጎማ ተራ ሲሄዱ ከዋጋ በፊት የተመረተበትን ጊዜ ይጠይቁ። ጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ቀጥሎ ካሉት ፊደላትና ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት አሐዞች፣ ለምሳሌ 2324፣ በፈረንጆቹ 2024 ዓመት በ23ኛው ሳምንት መመረቱን ይነግሩዎታል። አራቱንም ጎማዎች ለየብቻ ያንብቡ፤ አንዱ ከሌሎቹ በብዙ ያነሰ ዓመት ይዞ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩ ከአንድ ጎን ብቻ ሊታተም ስለሚችል ካጡት ጎማውን ያገላብጡት። ውጭ ፀሐይ ላይ የተደረደረ ጎማ ከሆነ ጎኑን በእጅዎ ጫን ብለው ያጥፉትና የጸጉር ያህል መሰነጣጠቅ መኖሩን ያስተውሉ።

ከገዙም በኋላ የንፋሱ ነገር አለ። በበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሙሉ፤ ጭቃ ወይም አሸዋ ሲያጋጥም ግን ወደ 20 ወይም 22 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ዝቅ ማድረግ ጎማው መሬቱን በሰፊው እንዲረግጥ ያደርገዋል። በዚያ ንፋስ በዝግታ ብቻ ይንዱ፤ ወደ አስፋልት ከመመለስዎ በፊትም መልሰው ይሙሉ፤ አለዚያ ጎማው በፍጥነት ሲሄድ ጎኑ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። በየገጠሩ ጎሚስታ ስለማይገኝ ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር መኪናው ውስጥ ይኑርዎት። ስኮርታውንም በዚያው መጠን ይግዙና በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ቦታ ሲያቀያይሩ ከአራቱ ጋር አብሮ እንዲዞር ያድርጉ።