ለመጀመሪያ እርግዝና የቱን መጽሐፍ ልግዛ ላልሽው

ለመግዛት ያሰብሻቸው ሁለቱ የእርግዝና መጽሐፎች ግራ ካጋቡሽ ውፍረታቸውን ተይውና መጀመሪያ ስለ አደጋ ምልክቶች የሚያወራውን ምዕራፍ ግለጪ። ደም መፍሰስ፣ የዓይን ብዥታ ያለበት ከባድ ራስ ምታት፣ ድንገተኛ የፊት እብጠት፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፤ እነዚህን ዘርዝሮ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ የማይል መጽሐፍ ፎቶው ቢያምርም ይቅርብሽ።

ቀጥሎ የታተመበትን ዓመት እዪ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛውን የእርግዝና ክትትል ከ4 ወደ 8 ጊዜ ከፍ አድርጎታል። 4 ይበቃል የሚል ካገኘሽ አርጅቷል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። በየሳምንቱ የተከፋፈሉት መጽሐፎች ደስ ይላሉ፣ ግን «በዚህ ሳምንት ይህ ይሰማሻል» የሚለውን እንደ ፈተና አትውሰጂው፤ እህቴ ማታ ማታ እያነበበች ያልተሰማትን ሁሉ ስትቆጥር እንቅልፍ አጥታ ነበር። መጽሐፉ ስለ መድኃኒት የሚለውን ደግሞ ለሐኪምሽ ተይው።